ሜኑ ላይ የሌለ አገር

የአንድን ከተማ ጠባይ ማወቅ የሚሻ ሰው ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ፋይል ከማገላበጡ በፊት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንዱ ምግብ ቤት ጎራ ብሎ ሜኑ ይጠይቅ። ሜኑ እንደዋዛ የሚታይ ጽሑፍ አይደለም። ከተማው በምን እንደሚኮራ፣ ማንን ለመምሰል እንደሚቋምጥ፣ በምኑ እንደሚያፍር ከነዋጋው ተዘርዝሮ ይገኝበታል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን «የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ደራሲው ዝም ያለውንም አንብቡ» እያልኩ አሰለቻቸው ነበር። ማስተማሩን ተውኩት፤ አመሉ ግን አልተወኝም። አሁን ሜኑ ሲሰጡኝ የምፈልገው የሌለውን ነው።

እስቲ ሆሳዕና ላይ ሜኑ እናንብብ። ጥብስ አለ፤ ደረቅ፣ እርጥብ፣ ዝልዝል፣ ሸክላ። ሽሮ አለ፤ ፈሰስ፣ ተጋቢኖ፣ ቦዘና። ዱለት አለ። ክትፎ አለ። ፓስታ በሥጎ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ሩዝ በአትክልት አለ። ፒዛና በርገር አለ። አንዳንዱ ቤት እንዲያውም ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚያሳስር የፈረንጅ ምግብ ሁሉ ጽፎ ለጥፏል፤ ሲታዘዝ ግን «አልቋል» ይባላል።

አተካናስ? አተካና የለም። ያለበት ቤት ፈጽሞ አይገኝም አልልም። እኔ በዞርኩባቸው ግን ካለም «ካንድ ቀን በፊት ይታዘዛል» የሚባል፣ እንደ ሠርግ ድንኳን ቀድሞ የሚያዝ ነገር ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ልንገር። አተካና የሀዲያና የከምባታ የክብር ምግብ ነው። ከእንሰት የሚወጣው ነጩ ቡላ በቅቤ ይበስላል፤ ወተትና አይብ ይገባበታል። ለተከበረ እንግዳ፣ ለአራስ፣ ለበዓል የሚቀርብ ነው። ያሆዴ ሲነሣ አተካና አብሮ ይነሣል። የአንድ ሕዝብ የእንግዳ ምግብ፣ እንግዳ በሚያድርበት ሆቴል አይገኝም ማለት ነው። ይኼ ነገር ለእናንተ ግልጽ ከሆነ ለእኔም አስረዱኝ!

አንድ ምሽት ስሙን በማልጠራው ሆቴል አስተናጋጇን ጠየቅኳት። ልጅቷ የአገሩ ልጅ ነች።

«አተካና አላችሁ?»

«አተካና? እሱ እኮ የቤት ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የት ሄጄ ልብላ?»

«ቤት ነዋ!» አለችና ሳቀች። ቀጥላም፣ «በርገር ላምጣልዎት?»

በልጅቷ አልፈርድም። ከተማው ያስተማራትን ነው የነገረችኝ። «የቤት ነው» የሚለው ቃል ግን ቀላል ቃል አይደለም። ላዩ ሲታይ አክብሮት ይመስላል፤ «እናት እጅ ብቻ የሚያምርበት፣ ገበያ የማይወጣ» ዓይነት። ውስጡ ሲገባ ግን «ከሰው ፊት አይቀርብም» ነው። እስቲ አስቡት፣ እንጀራስ የማን ነበር? ዶሮ ወጥስ ሆቴል ውስጥ ነው የተፈለሰፈው? ጠላና ጠጅ ከጓዳ አይደለም ወይ የወጡት? ምግብ ሁሉ የቤት ነው። ልዩነቱ አንዳንዱን ባለቤቱ ይዞት አደባባይ ይወጣል፤ አንዳንዱን ጓዳ ይቆልፍበታል።

ከሆሳዕና ወደ ወራቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ፎንቆን ውሰዱ። የአናሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ሲመሽ ግን እንደማንኛውም የመንገድ ዳር ከተማ ነፍስ ትዘራለች። አምፖሉ ይበራል፣ ቴፑ ይከፈታል፣ ጥብሱ ይንጫጫል፣ ሾፌርና ረዳት፣ መምህርና ነጋዴ አንድ ላይ ይቀመጣል። ጥሩ ምሽት ነው፤ አልዋሽም። ነገር ግን ከቤቶቹ ጀርባ ዞር ብላችሁ እዩ። እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። ከጓሮ እንሰት፣ ከፊት ለፊት ማካሮኒ! ሜኑውን ጓሮ ወስዶ የሚያነብለት ቢገኝ እንሰቱ በሳቅ የሚወድቅ ይመስለኛል።

«ይኼ ሰውዬ ምን ነካው? አገር ስንት ችግር እያለበት ስለ ሜኑ ይነዘንዛል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ስንት ችግር አለ። ግን እንሰት ራሱ የችግር ጊዜ ወዳጅ ነው። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተሳሰረ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ከሌላው በተሻለ መቋቋማቸውን ያጠኑት ሁሉ ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በጋራ ያወጡት ጥናት ደግሞ እንሰት በሚሞቀው ዓለም ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ሊመግብ ይችላል ብሎ የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ፈረንጁ «ተአምረኛ ተክል» አለ። እኛ ምን አልን? «እሱ እኮ የቤት ነው።»

ጉዳዩ የሆድ ብቻ እንዳልሆነም እናውቃለን። እንሰት በላተኛ ለረዥም ጊዜ በዚህች አገር አፍ ውስጥ የሚሾፍበት ሰው ሆኖ ኖሯል። ጤፍ የጌታ፣ ቆጮ የድሃ ተብሎ ተመደበ። የገጠር ልጅ ከተማ ትምህርት ቤት ሲገባ የቋጠረውን ቆጮ ከጓደኞቹ ደብቆ ይበላ ነበር። ያ ልጅ አድጎ፣ ነግዶ፣ ተሰድዶ፣ ገንዘብ አግኝቶ ሆቴል ሲሠራ ሜኑው ላይ ምን እንዲጽፍ ትጠብቃላችሁ? ዛሬም እየደበቀ ነው። በፊት በቅጠል ጠቅልሎ ይደብቅ ነበር፤ አሁን በፎቅ ጠቅልሎ ይደብቃል።

ስለ ስደት ካነሣን ዘንድ፣ ላለፉት ሃያ ዓመታትና ከዚያ በላይ ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዛቱ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የሆሳዕና ፎቆች ብዙዎቹ የዚያ ልጅ ላብ፣ አንዳንዴም ደም ናቸው። ባሕር ማዶ ሆኖ የናፈቀውን ምግብ ቢጠይቁት «አተካና» ይላል። በናፍቆቱ ገንዘብ በተሠራው ሆቴል ግን ናፍቆቱ አይሸጥም።

እዚህ ላይ ከአገራችን ወጣ ብለን የሌሎችን ነገር እንይ። አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ኬጀን የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። አያቶቻቸው አካዲያ በሚባለው የዛሬው የካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች እያፈናቀሉ በየአቅጣጫው በተኗቸው፤ ከፊሎቹ ዞረው ዞረው ሉዊዚያና ረግረግ ዳር ሰፈሩ። በዚያም ያገኙትን በሉ። ከወንዝ ያጠመዱትን፣ ከጫካ ያደኑትን፣ ከሩዝ ጋር ባንድ ድስት ቀቀሉት። ከአፍሪካ በባርነት ከመጡት ሰዎች ባሚያ አገኙ፤ ዝነኛው ሾርባቸው «ገምቦ» ስሙን ያገኘው ከአፍሪካውያን የባሚያ መጠሪያ እንደሆነ ይነገራል። ምግቡ የድሃ ምግብ፣ ቋንቋውም የማይረባ ተብሎ ተናቀ። የሉዊዚያና የ1921 ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን ብቸኛ የትምህርት ቋንቋ አደረገና ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ በመናገራቸው ይቀጡ ጀመር። «ኬጀን» የሚለው ቃል ራሱ ለረዥም ጊዜ ስድብ ነበር። ታሪኩ ሩቅ አገር ነው፤ ሕመሙ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ከዚህ ሕዝብ መሀል ፖል ፕሩዶም የሚባል ሰው ተነሣ። በ1940 የተወለደ፣ የድሃ ጭሰኛ ልጅ፣ ለቤቱ አሥራ ሦስተኛና የመጨረሻ ነው። ምግብ መሥራት የተማረው ከእናቱ ጎን ቆሞ ነው፤ «የቤት ነው» በሚባለው ቦታ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ፍሬንች ኳርተር ውስጥ «ኬ-ፖልስ» የሚባል ምግብ ቤት ከፈተ። ፍሬንች ኳርተር ማለት ሌሊቱ ቀን የሆነ፣ ሙዚቃና መጠጥ የማይነጥፍበት ሰፈር ነው። ልብ በሉ፣ ሰውየው የባህል ማዕከል አልገነባም። ሪባን አላስቆረጠም። ሰው ሊዝናና በሚወጣበት ሰፈር ውስጥ ተራ ቤት ከፈተ። ቀጠሮ አይቀበልም፤ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። የእናቱን ጓዳ ሌሊት ሜዳ ላይ አወጣው። ሰውም ሰልፉ መንገድ እስኪዞር ድረስ ተሰለፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያ የተናቀ ስም በመላው አሜሪካ ሜኑ ላይ ተጻፈ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2015 ሞተ፤ ቤቱም በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ተዘጋ። ምግቡ ግን አልተዘጋም። የትም ከተማ ብትሄዱ «ኬጀን» ብሎ የሚሸጥ አታጡም።

ምስጢሩ ምንድነው? ምሽት ነው እላለሁ። ቀን የምንበላው ስለራበን ነው። ማታ ግን የምንበላው መርጠን ነው። ደመወዝ የወጣለት፣ እጮኛውን ያስከተለ፣ ከሩቅ የመጣ ወዳጁን የሚጋብዝ ሰው ማታ የሚያዝዘው ኩራቱን ነው። ምሽት ላይ ቦታ ያላገኘ ምግብ ከኩራት ዝርዝር ተሰርዟል ማለት ነው።

ሩቅ ሄዶ መምጣቱም ባላስፈለገ። ጎረቤታችን ጉራጌ ምን አደረገ? ክትፎ የመስቀል ምግብ ነበር፤ የቤት ነበር። ጉራጌው አዲስ አበባ ገብቶ ሲነግድ ክትፎውን ጓዳ አልተወውም። ቤት ከፈተለት፣ ስሙን ሰቀለለት። ዛሬ «ዮሐንስ ክትፎ» ሲባል የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ክትፎ የኢትዮጵያ ምግብ ሆኖ ዋሽንግተን ድረስ ሄደ። ቆጮም አብሮት እንደ አጃቢ ተከተለው፤ ይኸው አዲስ አበባ ቆጮን የሥጋ ማባያ ብቻ አድርጋ ነው የምታውቀው። ዶርዜዎችስ? ጨንቻ ተራራ ላይ ለሚወጣው ቱሪስት ትኩስ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር እያቀረቡ ያስከፍላሉ። ቱሪስቱም ጣቱን እየላሰ ፎቶ ይነሣል። እኛ የተሻለውን፣ በቅቤና በወተት የተሠራውን ይዘን «ይታዘዛል» እንላለን።

ባለሆቴሎችን ሳነጋግር የሚሰጡኝን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። የመጀመሪያው «ሰው አይጠይቅም» ነው። ወንድሜ፣ ያልተጻፈ ነገር እንዴት ይጠየቃል? በርገርስ ሆሳዕና ሲገባ ሰው ሰልፍ ወጥቶ ጠይቆ ነው? ጻፋችሁት፣ ፎቶውን ለጠፋችሁት፣ ለመደ።

ሁለተኛው «ቅቤ ተወዷል፣ አያዋጣም» ነው። ቅቤ መወደዱ እውነት ነው። ሥጋስ ረክሷል እንዴ? የጥብስ ዋጋ ሲጨመር ሜኑ ላይ ወረቀት ትለጥፉበት የለም ወይ? ትንሽ ሳህን አድርጋችሁ አቅርቡት። አተካና ጠጋቢ ነው፤ ብዙ አይፈልግም። ቡላው ከተዘጋጀ ደግሞ እሳት ላይ የሚፈጀው ጊዜ ከዶሮ ወጥ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዶሮ ወጥን የቻለ ወጥ ቤት አተካና አይከብደውም።

ሦስተኛው ከባለሆቴል ሳይሆን ከተማርነው ወገን የሚመጣ ነው፤ «ባህላችን ይበረዛል» ይላሉ። ወጣቷ አብሳይ አተካና ላይ ማር ብታደርግበት፣ በትንንሽ ሲኒ ብታቀርበው፣ ከቡና ጋር ብታጣምረው አያት መቃብር ውስጥ ይገላበጣሉ እንደማለት ነው። ፕሩዶምን ዝነኛ ያደረገው ምግብ በቅመም ተለውሶ በጋለ መጥበሻ ላይ የሚጠቁር ዓሣ ነው። ይህ ከአያቶቹ የወረሰው አልነበረም፤ ራሱ የፈጠረው ነው። «ይኼ ኬጀን አይደለም» ያሉት አልጠፉም። ነገር ግን በዚያ በፈጠረው ዓሣ ተስቦ የገባው እንግዳ የጥንቱን ገምቦ በልቶ ወጣ። ባህል የሚበረዘው ሲነካ ብቻ ይመስለናል። ሳይነካ የሚሻግትም አለ።

ደግሞም ባህል ጠባቂ ነን የምንለው ምን እያደረግን ነው? በዓመት አንድ ቀን ዐውደ ርዕይ እናዘጋጃለን። ድንኳን ይተከላል፤ ቆንጆ ቆንጆ ልጆች የባህል ልብስ ይለብሳሉ፤ አተካና በሸክላ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። ባለሥልጣን መጥቶ በማንኪያ ጫፍ ይቀምሳል፤ ካሜራው ያነሣዋል፤ «ይህንን ዕምቅ ሀብታችንን» የሚል ንግግር ይደረጋል። ከዚያ ሁሉም ሆቴል ገብቶ ጥብስ ይበላል! ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ስብሰባው በዝቷል፤ ከየዞኑ፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል። የስብሰባ ቡፌ ላይ ሩዝና ፓስታ ተሰልፈው እንግዳ ይቀበላሉ። «ዕምቅ ሀብት» የተባለው እዚያው እንደታመቀ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ፤ እዚህ ላይ ባለሆቴሎች ብቻ ሳይሆኑ እኔን የሚደግፉኝም ጆሮ እንዲሰጡኝ እፈልጋለሁ። አተካና ሜኑ ላይ ይግባ ስንል ቡላውን ማን ያወጣዋል? ሴቷ ነች። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስ ግንዱን እየሸረከተች፣ በቀርከሃ መፋቂያ እየፋቀች፣ ሥሩን እየከተከተች፣ እየጨመቀች፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ሸፍና እያብላላች የምትውለው እሷ ነች። ከጭማቂው ሥር የሚረጋው ነጭ ዱቄት ነው ቡላ። ወገብ የሚሰብር፣ ክንድ የሚያዝል ሥራ ነው። ሆቴሉ ያን ቡላ ከደላላ በርካሽ ገዝቶ፣ «ባህላዊ» የሚል ቅጽል ጨምሮበት፣ በውድ ዋጋ ከሸጠው ኩራታችን ሌላ ብዝበዛ ነው። እንዲህ ዓይነት አተካና ይቅርብን።

ከኬጀኖቹ ታሪክ ይኼኛውም ትምህርት ነው። ያ የጠቆረ ዓሣ አሜሪካንን ባዳረሰ ጊዜ የዓሣው ዘር እስኪያሰጋ ድረስ ተጠመደ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መንግሥት በንግድ ማስገሩ ላይ እገዳ እስከመጣል ደረሰ። ምግብ ዝነኛ ሲሆን ምንጩን የሚጠብቅለት ካልተገኘ ዝናው ይበላዋል። የእኛ እንሰት ደግሞ ያለዚያም ጠላት አላጣም። አጠውልግ በሽታው በአገራችን ከተመዘገበበት እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ አልለቀቀውም። መሬቱ በልጆች ብዛት እየተሸነሸነ ነው፤ ባሕር ዛፍና ጫት እየገፉት ነው። ጫት የሚተክለው ገበሬ ሞኝ አይደለም፤ ጫት በየምሽቱ ገዢ አለው። እንሰትም በየምሽቱ ገዢ ይኑረው ነው የምለው።

መንገዱም ጨለማ አይደለም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ሠርቷል። ሆሳዕና ላይ የከተማዋን የጥንት ስም ይዞ የቆመው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ። ባለሆቴሉ ከደላላ ይልቅ ከፎንቆና ከአካባቢው ሴቶች ማኅበር ጋር ዓመቱን ሙሉ በተቆረጠ ዋጋ ቢዋዋል፣ ማሽኑ ለማኅበሯ ቢደርስ፣ የወጥ ቤት ኃላፊነቱን ለአንዲት ሙያተኛ እናት ቢሰጥና ደመወዟ እንደ ሼፍ ቢቆረጥላት ምን ይጎዳዋል? «ሼፍ» የሚለው ስም ነጭ ቆብ ላደረገ ወንድ ብቻ የተሰጠ ማዕረግ አይደለም።

እንግዲህ ለባለሆቴሎች፣ ለሆሳዕናም፣ ለፎንቆም፣ ለዱራሜም፣ የምለምነው ብዙ አይደለም። የሸክላ ሐውልት አትሥሩ፤ ግድግዳ ላይ ጋሻና ጦር አትስቀሉ፤ አስተናጋጇን የባህል ልብስ አልብሳችሁ በርገር አታሸክሟት። ሙዚቃችሁን ክፈቱ፣ ቢራችሁን ሽጡ፣ ምሽታችሁን አድምቁ። ሜኑው ላይ ግን አንድ መስመር ጨምሩ። ከጥብስ በታች፣ ከፓስታ በላይ። በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ፣ ከጎኑ በአማርኛ። «በትእዛዝ» የሚል ቃል ሳይኖረው፣ ዋጋው ተጽፎበት።

እንግዳውስ? እንግዳው ያዝዛል። የመጀመሪያውን ሳህን እኔ እከፍላለሁ።